የእንግሊዝኛ ርዕስ በትእምርተ ጥቅስ ሲዘጋ ነጥቡ ከውስጥ ነው ከውጭ? 84 ገጽ በቀይ ተመልሶብኛል

የቱሉ ዲምቱ ታይፒስት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር በአንዲት ጠባብ ሱቅ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ እሠራለሁ። አካባቢውን ለማያውቅ፣ ከተማው አልቆ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ሲሆን፣ ሰሞኑን ጠረጴዛዬ ላይ የተቆለለው ወረቀት ከኮረብታው ይበልጥ ቀልቷል። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን እንድተይብለት አመጣ። ጥናቱ በአጫጭር ልብ ወለዶች ላይ ነው፤ በየገጹ የታሪክ ርዕስ አለ፣ በየርዕሱ ትእምርተ ጥቅስ አለ። ግማሹን በእጁ ጽፎ፣ ግማሹን በቴሌግራም እየቆራረጠ ላከልኝ። ስተይብ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። አንዳንድ ቦታ ነጥቡ ከመዝጊያው ምልክት በፊት ይመጣል፤ አንዳንድ ቦታ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስተይብ ዝብርቅርቅ ገጽ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ከመጽሐፍ በጥንቃቄ የተቀዳ የሚመስል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፤ እዚያ ላይ ነጥቡ ከውጭ ነበር። «እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው» አልኩና «ፈልግና ተካ» የሚለውን ከፍቼ .” የነበረውን ሁሉ ”. አደረግኩት። ኮምፒውተሩ 117 ቦታ ተክቻለሁ አለኝ። ሻይ ጠጣሁበት። አትሜ፣ በስፒራል ጠርዤ አስረከብኩ።

አማካሪው መለሰው። 84 ገጽ፣ ቀይ ክብ በቀይ ክብ ላይ።

ልጁ ጨዋ ነው፣ አልጮኸብኝም። «እትዬ፣ እኔ እንደዚህ አልጻፍኩም ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ፤ ከጩኸት ይልቅ ያ ነው ያመመኝ። ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት አንዲት የማኔጅመንት ተማሪ የሌላ አማካሪ እርማት ይዛ መጣች። የእሷ ደግሞ በመጨረሻው የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ላይ ርዕሶቹን ያቀፉትን ትእምርተ ጥቅሶች በሙሉ አውጪ ይላል። አንዱ አስገቢ፣ ሌላው አውጪ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። የቱ ርዕስ ነው ጥቅስ ውስጥ የሚገባው? ነጥቡስ የት ነው የሚቀመጠው? የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በእኛው ፊደል ጻፉልኝ፣ ምልክቶቹን እስካየሁ ይበቃኛል። ሁለተኛ ጊዜ የማትመው በራሴ ወረቀት ስለሆነ ግምት አልፈልግም።

ጡረተኛው መምህር፣ ሱሉልታ፦

እህቴ፣ ነጥቡን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ የርዕሱን ዓይነት እንለይ፤ ግማሹ ችግር እዚያ ያልቃል።

እንግሊዝኛ ሳስተምር ለተማሪዎቼ መሶብና እንጀራ እያልኩ ነበር የማስረዳው። መሶቡ ጋደም ባለው ፊደል፣ ኢታሊክ በሚባለው ይጻፋል፤ እንጀራው በትእምርተ ጥቅስ ይከደናል። መጽሐፍ መሶብ ነው፣ በውስጡ ያለው ምዕራፍ እንጀራ ነው። የግጥም መድበል መሶብ፣ አንዱ ግጥም እንጀራ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ መሶብ፣ በውስጡ የወጣው መጣጥፍ እንጀራ። የዘፈን አልበምና አንዱ ዘፈን፣ ተከታታይ ድራማና አንዱ ክፍልም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መካከል ሲነሣ በላቲን ፊደል ተጽፎ ኢታሊክ ይሆናል፤ ራሱን የቻለ ረጅም ልብ ወለድ ነውና። የእርስዎ ደንበኛ የሚያጠናቸው አጫጭር ልብ ወለዶች ግን ጥቅስ ውስጥ ናቸው፤ የወጡበት መድበል ስም ኢታሊክ ነው። ርዕሱ አማርኛ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

መሶቡን የፈጠርኩት እኔ ስመስለኝ ኖሬ፣ ኤምኤልኤ የሚባለው የአሜሪካኖች የአጻጻፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ስምንተኛ እትሙ ይህንኑ ነገር በእንግሊዝኛ «መያዣ» ብሎ ሰየመው። እኔ መሶብ ማለቴን አልተውኩም።

ከሁለቱም የሚያመልጡ አሉ። መጽሐፍ ቅዱስና ቁርኣን ኢታሊክም ጥቅስም አይደረግባቸውም። ልጁ ራሱ ለጥናቱ የሰጠው ርዕስም ሽፋኑ ላይ ጥቅስ ውስጥ አይገባም። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳረምኩ! የራስን ስም ራስ እንደመጥራት ነው።

የማኔጅመንቷ ተማሪ አማካሪም ትክክል ናቸው። እሷ የምትከተለው ኤፒኤ የሚባለውን መመሪያ መሆን አለበት። በኤፒኤ የዋቢ ዝርዝር ውስጥ የመጣጥፍ ርዕስ ያለ ምንም ጥቅስ ይጻፋል፤ ኢታሊክ የሚሆነው የመጽሔቱ ስም ነው። ጥናቱ መካከል ሲጠቀስ ግን ያው ርዕስ ተመልሶ ጥቅስ ውስጥ ይገባል። ኤምኤልኤ ደግሞ በዝርዝሩም በመካከሉም ጥቅስ ያደርግበታል። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች በብዛት ኤምኤልኤን፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች ኤፒኤን ይከተላሉ። ሁለቱ አማካሪዎች አልተጣሉም፤ የተለያየ መሶብ ላይ ነው የተቀመጡት።

ከዜና ክፍል፣ ጀሞ፦

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኛ መጽሐፉንም ፊልሙንም ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ነው የምናስገባው። አምስት ዓመት የእንግሊዝኛ ዜና ሳዘጋጅ ኢታሊክ ተጠቅሜ አላውቅም። እህታችን ሁሉንም ጥቅስ ውስጥ ብትከትተው ማን ይጠይቃታል?

ጡረተኛው መምህር፣ ሱሉልታ፦

አማካሪው ይጠይቃታል፣ ልጄ። አንተ የምትለው የአሶሼትድ ፕሬስን መመሪያ ነው፤ ለዜና ትክክል ነው። ዜና ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኢታሊኩ ስለሚጠፋ ጥቅሱን መረጡ። እነሱም ቢሆኑ የጋዜጣን ስም ጥቅስ ውስጥ አያስገቡም፣ መጽሐፍ ቅዱስንም እንዲሁ። የዜና ልብስ ለዜና፣ የምረቃ ልብስ ለምረቃ ይሁን።

የቱሉ ዲምቱ ታይፒስት፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር አስታወሱኝ። ሥራ የጀመርኩት በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ነው። አለቃዬ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲያስጽፉኝ የመጽሐፍና የጋዜጣ ስም በደረሰ ቁጥር «አስምሪበት!» ይሉኝ ነበር። ወደ ኋላ እየተመለስኩ በእያንዳንዱ ፊደል ሥር ሰረዝ እመታለሁ፤ ረጅም ስም ሲሆን ጣቴ ይደክማል። የመጣጥፍ ስም ሲሆን ግን ማስመር የለም፣ ጥቅስ ብቻ። ሰውዬው ይህን የሚያደርጉት ለማሳመር ይመስለኝ ነበር። ለካስ መሶቡን ነበር የሚያሰምሩት?

ጡረተኛው መምህር፣ ሱሉልታ፦

እርሱኑ ነው! የጽሕፈት መኪና ጋደም ያለ ፊደል የለውም። ማስመር ለአታሚው «ይህን ኢታሊክ አድርገው» የሚል ምልክት ነበር። ዛሬም በእጅ የሚጽፍ ተማሪ ፈተና ላይ ያሰምራል። አለቃዎ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ሕጉን እኮ ሲያውቁት ኖረዋል፤ ስሙን ያልነገርዎት እርሳቸው ናቸው።

ተርጓሚዋ፣ ለገጣፎ፦

እትዬ፣ ወደ ነጥቡ ልምጣ፤ እኔንም ለዓመታት ያሰቃየኝ እሱ ነው።

በመጀመሪያ ለምን እንደሚያደናግረን ልንገርዎት፣ ራስዎን እንዳይወቅሱ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «የመጨረሻው ታክሲ» የተሰኘውን ታሪክ አነበብኩ። እዩት፤ ከርዕሱ በኋላ «የተሰኘውን» አለ፣ «ታሪክ» አለ፣ «አነበብኩ» አለ፣ ከዚያ ነው አራት ነጥብ የሚመጣው። መዝጊያው ጥቅስና አራት ነጥቡ እንደ ሩቅ ጎረቤት ናቸው፣ ሰላምታም አይለዋወጡም። ሰው የተናገረውን ስንጠቅስም «አለ» ወይም «አለች» በመካከል ይገባል። እንግሊዝኛ ግን ርዕሱን ከግሡ በኋላ ስለሚያመጣው ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ የሚያልቀው በርዕሱ ነው፤ ጥቅሱና ነጥቡ አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው። እኛ ይህን በር በቋንቋችን ብዙም ስለማናውቀው እጃችን ልማድ አላበጀለትም።

አሜሪካኖች ያለ ብዙ ክርክር ነጥብንና ኮማን ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። እንዲህ፦

አይ ሬድ “ዘ ላስት ታክሲ.”

ነጥቡ የርዕሱ አካል አይደለም፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ገብቷል። ብሪታንያውያን ደግሞ የርዕሱ ያልሆነ ነገር ከውጭ ይቅር ይላሉ። ብዙዎቹ አሳታሚዎቻቸው ነጠላ ጥቅስ ስለሚመርጡ እንዲህ ይሆናል፦

አይ ሬድ ‘ዘ ላስት ታክሲ’.

ለእኔ የብሪታንያው ልክ ይመስለኛል፣ አእምሮ ይቀበለዋል። ነገር ግን የልጁ አማካሪ ኤምኤልኤን ከያዙ አሜሪካዊው ነው የሚሠራው።

ጥያቄ ምልክትና ቃለ አጋኖ ላይ አሜሪካኖችም ወደ ልባቸው ይመለሳሉ። ምልክቱ የርዕሱ ከሆነ ከውስጥ፣ የዓረፍተ ነገሩ ከሆነ ከውጭ። «ዘ ላስት ታክሲን አንብበሃል?» ብለው በእንግሊዝኛ ቢጠይቁ ጥያቄ ምልክቱ ከመዝጊያው ውጭ ይውላል፤ ታሪኩ አይጠይቅም፣ የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት። ርዕሱ ራሱ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ከሆነና ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ካበቃ ደግሞ ሌላ ነጥብ አይጨመርም። ሁለት ነጥብ የሚመስለው ኮለንና የእነሱ ድርብ ሰረዝ፣ ሴሚኮለን የሚሉት፣ በሁለቱም አገር ከውጭ ናቸው። ርዕስ ውስጥ ሌላ ጥቅስ ካለ፣ በአሜሪካው አጻጻፍ የውስጠኛው ነጠላ ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሕጉን የቀዱበት የሦስተኛው ገጽ ዓረፍተ ነገር፣ ከጥቅሱ ቀጥሎ ቅንፍ ውስጥ ቁጥር ነበረው?

የቱሉ ዲምቱ ታይፒስት፦

መብራት ስለሌለ በስልኬ ነው የምጽፈው። ወረቀቱን በመስኮት ብርሃን አየሁት። አዎ፣ አለው። ጥቅሱ ይዘጋል፣ ቀጥሎ በቅንፍ 24 ይላል፣ ከዚያ ነጥብ። ምነው?

ተርጓሚዋ፣ ለገጣፎ፦

በቃ፣ ሌባው ተያዘ። 24 የገጽ ቁጥር ነው። በኤምኤልኤ ከጥቅስ በኋላ ምንጩ በቅንፍ ከተጠቀሰ ነጥቡ ከቅንፉ በኋላ ይሄዳል፤ የተጠቀሰው ቃልም የገጽ ቁጥሩም የአንድ ዓረፍተ ነገር ስለሆኑ ነጥቡ ሁለቱንም ይዘጋል። ቅንፍ የሌለበት ቦታ ላይ ግን ነጥቡ ተመልሶ ጥቅሱ ውስጥ ይገባል። እርስዎ ያዩት ዝብርቅርቅ ስህተት አልነበረም፤ ልጁ ሁለቱንም በየቦታቸው አስቀምጧቸው ነበር። እርስዎ ባለቅንፉን አይተው ቅንፍ የሌላቸውን 117 ወደ ውጭ አስወጧቸው።

የቱሉ ዲምቱ ታይፒስት፦

ወይ ጉድ። ልጁ ትክክል ጽፎ ነበር፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት ማለት ነው። በሠላሳ ዓመቴ!

እሺ። አሁን 117ቱን አንድ በአንድ ልፈልግ? ዓይኔስ? ደግሞ ሌላ መከራ አለ፤ ልጁ በቴሌግራም የላከው ክፍል ጥቅሶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ እኔ የተየብኩት ደግሞ ጎበጥ ያሉ ናቸው። አንዳንድ ቦታ እሱ ራሱ የአማርኛውን « » ተጠቅሟል፤ ስልኩን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሳይቀይር ይሆናል።

ከዜና ክፍል፣ ጀሞ፦

እትዬ፣ የቅድሙን ልካስዎት። ይህን እንኳ አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ የማደርገው ነው።

ዋናውን ፋይል ቅጂ አድርገው ያስቀምጡ፣ ከዚያ በቅጂው ላይ ይሥሩ። በመጀመሪያ « የሚለውን ፈልገው በእንግሊዝኛው መክፈቻ ይተኩ፣ » የሚለውን በመዝጊያው። የአማርኛ ቃል እንኳ ቢጠቀስ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ምልክቱ የእንግሊዝኛ ይሁን። ቀጥሎ ቀጥ ያለውን " ፈልጉ በሚለው ሳጥን፣ ያንኑ " ተኩ በሚለው ሳጥን ጽፈው ሁሉንም ይተኩ። የተሳሳትኩ ይመስልዎታል፣ ግን ዎርድ ጥቅሶችን ራሱ እንዲያጎብጥ የሚያዘው ምርጫ በርቶ ከሆነ ሲተካቸው ያጎብጣቸዋል፤ መክፈቻውን ከመዝጊያውም ይለያል። ከቁጥርና ከሰረዝ ቀጥሎ ያሉትን ብቻ በዓይንዎ ይከልሱ፣ እዚያ ላይ አንዳንዴ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ጥፋቱ። ”. የሚለውን ፈልገው በ .” ይተኩ። ”, የሚለውንም በ ,” ይተኩ። ባለቅንፎቹ አይነኩም፤ በጥቅሱና በነጥቡ መካከል ቅንፉ ስላለ ፍለጋው አያገኛቸውም። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ ጥቅሶቹን ሁሉ ሳያጎብጡ ነጥቡን ቢፈልጉ ቀጥ ያሉት ሊያመልጡዎት ይችላሉ። በመጨረሻ ?.” ብለው ይፈልጉ። ልጁ በጥያቄ ምልክት ከሚያልቅ ርዕስ ቀጥሎ ሳያስፈልግ ነጥብ ጨምሮ ከነበረ እዚህ ይገለጣል፤ ነጥቡን ያጥፉት።

የቱሉ ዲምቱ ታይፒስት፦

መብራት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። እንደተባልኩት አደረግኩ። ኮምፒውተሩ በዚህኛው ዙር 123 ቦታ ተክቻለሁ አለ። 117 ነበር የጠበቅሁት፤ ስድስቱ ከየት መጡ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ በአንድ ሳያቸው ልጁ ራሱ የሳታቸው ናቸው፤ እሱም ሁሉን አያውቅም ማለት ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ?.” የሚለው ሁለት ቦታ ተገኘ፣ አጠፋሁ።

ጠዋት ልጁ ሲመጣ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀጥዬ ስድስቱን አሳየሁት። ሳቀ። የወረቀቱን ዋጋ ልክፈል አለኝ፣ እምቢ አልኩ፤ የስድስቱን ገጽ ብቻ ተቀበልኩ።

የማኔጅመንቷ ልጅም ሥራ አለቀ። ከዋቢው ዝርዝር ጥቅሶቹን አወጣሁ፣ ጥናቱ መካከል ያሉትን አልነካሁም፣ የመጽሔቶቹን ስም አጋደምኩ። ከእንግዲህ ሥራ ስቀበል ከገጽ ብዛትና ከቀለም ቀጥሎ «የትኛውን መመሪያ ነው የምትከተለው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ትናንት አንዱን ብጠይቀው «መመሪያ አለ እንዴ?» አለኝ። ወደ አማካሪው መለስኩት።

ጡረተኛው መምህር፣ ሱሉልታ፦

ጎበዝ! የብራና ጸሐፊዎቻችንም እኮ ርዕሱንና የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር፤ ጥቅስም ኢታሊክም ሳያስፈልጋቸው። እዚያ ቀዩ ክብር ነበር። ልጁስ፣ አማካሪው ተቀበሉት?

የቱሉ ዲምቱ ታይፒስት፦

ተቀበሉት፣ መምህር። ዛሬ አምስት ኮፒ በጠንካራ ሽፋን ላስጠርዝ ብሎ መጣ። መጨረሻ ላይ የምስጋና ገጽ ጨምሯል፤ እኔንም አመስግኖኛል፣ በእንግሊዝኛ፣ የሱቄን ስም ጠርቶ። የሱቄን ስም ግን ጥቅስ ውስጥ ከቶታል።

አወጣሁት።

ከዜና ክፍል፣ ጀሞ፦

ነጥቡስ?

የቱሉ ዲምቱ ታይፒስት፦

ጥቅስ ከሌለ ምን ያጣላዋል? የሱቄ ስም አጠገብ ቁጭ ብሏል።